ቦኖው በኤችዲ ሲታይ

ባለ ኤችዲ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ሁሉ ለምን እንደገዛ ሲጠየቅ ይዋሻል። አንዱ «ለልጆቹ ትምህርት ነው» ይላል፤ ልጆቹ ግን ካርቱን እንጂ ትምህርት ሲያዩበት ታይተው አያውቁም። ሌላው «አሮጌው ዓይን ይጎዳል» ይላል፤ ዓይኑ ስንት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ የታመመው ጎረቤቱ አዲስ የገዛ ዕለት ነው። እኔም «ዜና በደንብ ለመከታተል» ብዬ ነበር። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የገዛሁት ራሴን ለማየት ነው።

አሶሳ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ መዲና የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ስም ሳይወጣላቸው በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቷ አርፈዋል፤ እናቷ እማማ ዘይነባ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ታናሽ ወንድሟ ሁሴንም አብሯቸው ይኖራል። መንደሩ ማንጎ ሞልቶታል፣ ውሃ ግን የለውም። አማቴ ውሃ የሚቀዱት ከቁልቁለቱ ሥር ካለ ምንጭ ነው። ባዶውን ጀሪካን ይዘው ይወርዳሉ፣ ሙሉውን አዝለው ይወጣሉ። ተቃራኒው ቢሆን ይቀላቸው ነበር፤ መልክዓ ምድር የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ይህን በሙያዬ አረጋግጥላችኋለሁ።

አንድ ቅዳሜ አማቴን ልጠይቅ ስሄድ መንደሩ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ መኪና ተደርድሯል፣ ሪባን ተወጥሯል። የውሃ ቦኖ ሊመረቅ ነው። ቦኖው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ቧንቧዎቹ የሚያብረቀርቁ፣ ከጀርባው አንድ ትልቅ ማንጎ ጥላውን ያጠላበት ነበር። ማይክ የያዘ ጋዜጠኛ ሕዝቡን በዓይኑ ሲያማርጥ ቆየና እኔ ላይ ደረሰ። ከመንደሩ ሰው መሃል ኮት የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የአካባቢው ነዋሪ ነዎት?» አለኝ።

«የአካባቢው አማች ነኝ።»

«ይበቃል» አለ።

ብርጭቆ ሰጡኝ። ቧንቧውን ስከፍት ውሃው መጣ። ቀጠን ያለ ነበር፣ ግን መጣ። ጠጣሁ። ከዚያ ማይኩ አፌ ሥር ሲደረግ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «የዘመናት ጥያቄያችን ተመልሷል» አልኩ። «እናቶቻችን ከጀሪካን ሸክም ተላቀዋል» አልኩ። ማንም ስለ ጣዕሙ ሳይጠይቀኝ «ጣዕሙም ከምንጭ ውሃ ጋር የሚወዳደር አይደለም» ብዬ ጨመርኩ። ምርቃቱን ያዘጋጀው ቢሮ ኃላፊ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው «ጎበዝ፣ አነጋገር ታውቃለህ» አሉኝ። ጋዜጠኛው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ የቀትር ዜና ላይ እንደምታይ ነገረኝ።

ወደ አሶሳ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አሮጌውን ቴሌቪዥናችንን ነበር። ሆዱ ወደ ኋላ የተገፋ ነው። እሱ ላይ የታየ ሰው ሁሉ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል፤ ሰው መሆኑ ይታወቃል፣ ማንነቱ ግን በግምት ነው። እኔ ደግሞ በግምት መታየት አልፈለግኩም።

ቤታችን ውስጥ የነበረው ብር መዲና ለኩሽናው ቆርቆሮ ያጠራቀመችው ብቻ ነበር። የአሶሳን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የኩሽናችን ጣሪያ ከዝናቡ ጋር ከተስማማ ቆይቷል።

«የአንተ ንግግር አንድ ደቂቃም አይሞላም» አለችኝ መዲና።

«በኤችዲ እኮ ነው።»

«እና በኤችዲ ሲሆን ሁለት ደቂቃ ይሆናል?»

«ርዝመቱ ሳይሆን ጥራቱ ነው የሚጨምረው። ፊት ላይ ያለ ነገር ሁሉ አንድም ሳይቀር ይታያል።»

«አንተ ፊት ላይ ምን አለና?»

ስለምናት ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሰለቻትና «ግዛው በቃ» አለች። «ኩሽና ስንበሰብስ ውለን፣ ሳሎን ገብተን በረሃ በጥራት እናያለን።»

ከእሷ ይልቅ አምርሮ የተቃወመኝ ሁሴን ነው። ለገበያ ወደ ከተማ መጥቶ ቴሌቪዥኑን ከነካርቶኑ ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይኼን ነገር መልሰው» አለኝ። «ጨረሩ ዓይን ያጠፋል።»

«ማን ነገረህ?»

«ሲሉ ሰምቻለሁ። መብራትም ይበላል። ደግሞ ሰው ይህን ያህል ጥርት ብሎ መታየት የለበትም፣ ነውር ነው።»

ሁሴን እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቴሌቪዥን አንድም አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። ግንባሩ ላይ የውሃ ጠብታ የተሳለበት አዲስ ኮፍያም አድርጓል። እኔ እንግዲህ የመሰለኝ ቅናት ነው። ሰው ኤችዲ ሲገዛ የመጀመሪያው በሽታ ይኼ ነው፤ የተቃወመው ሰው ሁሉ የቀናበት ይመስለዋል።

እሁድ ቤቴ ሞላ። አማቴ በባጃጅ መጡ። ሁሴንም ቀርቶ እንዳያስቀይማቸው መሰለኝ አብሯቸው መጣ። ጎረቤቴ አታሂርም ነበር። አታሂር የበርታ ሰው ነው፣ ማንጎና ሰሊጥ ይነግዳል። አማርኛው ላይ ወንድና ሴት አንዳንዴ ይቀላቀሉበታል፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ በእሱ ቋንቋ ከሰላምታ ስለማላልፍ የመሳቅ መብት የለኝም። «እናቴ፣ አንተ ፊት ተቀመጥ፣ ዓይንህ ይደክማል» ብሎ ለአማቴ ወንበር አቀረበላቸው። እሳቸውም «ተባረክ ልጄ» ብለው ተቀመጡ። ሁሴን በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። መዲና አንዴ ከሪሲቨሩ ጀርባ ገመድ ሲነካካ አግኝታ ወደ በሩ መለሰችው።

ዜናው ጀመረ። መጀመሪያ ኃላፊው ንግግር ሲያደርጉ ታዩ። አንገታቸው ላይ የወረደው የላብ መስመር ሳይቀር ይታያል።

«ወላሂ፣ ሰውየው እዚህ ሳሎን ውስጥ ነው» አለ አታሂር።

እኔ ኮራሁ፤ ቴሌቪዥኑን የሠራሁት እኔ ይመስል። ከዚያ እኔ መጣሁ። ኮቱ አምሮብኛል። ብርጭቆዬን ይዣለሁ። አፍንጫዬ ውስጥ ግን ያን ያህል ፀጉር መኖሩን አላውቅም ነበር። ባለ ኤችዲ የምትገዙ ሰዎች መቀስም አብራችሁ ግዙ።

«ለዚህ ነው ቆርቆሮዬ የሄደው?» አለች መዲና ቀስ ብላ።

ስክሪኑ ላይ ያለሁት እኔ «የዘመናት ጥያቄያችን» ማለት ስጀምር አታሂር ከመቀመጫው ተነስቶ ተጠጋ።

«ማንጎ ላይ ሰው አለ» አለ።

ሁላችንም አየን። ከቦኖው ጀርባ ባለው ማንጎ፣ ቅጠሎቹ መሃል ቢጫ ጀሪካን አለ። ከጀሪካኑ አፍ የውሃ ጎማ ወጥቶ፣ ግንዱን ተከትሎ ወርዶ፣ ቦኖው ጀርባ ይገባል። ጀሪካኑን ሁለት እጆች አቅፈውታል። ከእጆቹ በላይ ኮፍያ አለ፤ ኮፍያው ላይ የውሃ ጠብታ ተስሏል። በአሮጌው ቴሌቪዥን ቢሆን ማንጎው ማንጎ ሆኖ ያልፍ ነበር። አዲሱ ግን ቅጠል በቅጠል ለያይቶ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ ቁልቁል እኔን የሚያየውን ሁሴንን አሳየን።

ሳሎኑ ውስጥ የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ «እናቶቻችን ከጀሪካን ሸክም ተላቀዋል» እላለሁ።

«ጀሪካኑ የእኔ ነው» አሉ አማቴ በረጋ ድምፅ። እጀታው ተሰብሮባቸው በቀይ ጨርቅ የጠቀለሉት ራሳቸው ናቸው፤ ቀዩ ጨርቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ያን ቀን በማለዳ ከምንጭ ቀድቼው ነበር። ከምርቃቱ ስመለስ ባዶውን አገኘሁት። ፍየሏ ደፋችው ብዬ ፍየሏን መታኋት።»

ልብ በሉልኝ። ጣዕሙ ከምንጭ ውሃ ጋር አይወዳደርም ብዬ በአደባባይ የመሰከርኩለት ውሃ፣ አማቴ ቁልቁለቱን ወርደው በጀርባቸው አዝለው ያወጡት የምንጭ ውሃ ነው።

ሁሴን መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «መስመሩ ገና አልተገናኘም፣ ፓምፑም አልመጣም። ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣል፣ ለዛሬ ለካሜራው ያህል ነው አሉኝ። የቦኖው ጥበቃ አድርገን እንቀጥርሃለን አሉኝ።»

«ቀጠሩህ?» አለች መዲና።

«ኮፍያውን ሰጡኝ።»

«እኔ ያን ሁሉ ስቀባጥር ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ማይኩን ስታይ እንዴት ደስ እንዳለህ አታውቅም። እኔ ከላይ ሆኜ አይቻለሁ።»

አማቴ ሻርፓቸውን አስተካክለው «ነገ ኃላፊው ዘንድ እንሄዳለን» አሉ። «ውሃዬን ጠጥተውብኛል። ፍየሌንም አስመትተውኛል።»

ሰኞ ሄድን። ኃላፊው በፈገግታ ተቀበሉን፤ እኔን ሲያዩ እንደውም ሌላ ምርቃት እንዳለ ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር። ጉዳያችንን ስንነግራቸው ፈገግታው ቀነሰ። ዜናውን የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር በፍላሽ አውርዶልኝ ስለነበር ቢሯቸው ባለው ቴሌቪዥን በሪሲቨሩ በኩል ከፈትነው። ቴሌቪዥኑ የእኛው አሮጌ ቴሌቪዥን መንትያ ነው። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው አዩ።

«ለእኔ ማንጎ ነው የሚታየኝ» አሉ።

«ያ ቢጫውስ?» አልኩ።

«የበሰለ ማንጎ።»

«የጀሪካን ያህል?» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ ምርታማነት ጨምሯል» አሉ ኃላፊው።

አማቴ ወደ እኔ ዞረው «ያንተን አምጣው» አሉኝ። አታሂር ዕቃ መጫን ያውቅበታል፤ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ባጃጅ ውስጥ አስገባው፣ አማቴ ደግሞ እንደ ሕፃን ታቅፈውት መጡ። የቢሮው ሠራተኛ ይህን ሲያይ ሥራውን ትቶ ኮሪደሩን ሞላው። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዱ የተወው ሥራ አልነበረውም።

ዜናውን ስንከፍተው ኃላፊው መጀመሪያ ያዩት ራሳቸውን ነው። ፀጉራቸው ጥቁር ነው፤ ሥሩ ግን ነጭ ነው፣ ቀለሙ የት ላይ እንደቆመ ይታያል። «ይኼ እኔ ነኝ?» አሉ። ጸሐፊያቸው «በጣም ነው ያማረብዎት» አለቻቸው። ቀጥሎ ማንጎው መጣ፤ እዚያ ላይ አቆምነው። ጀሪካኑ፣ ቀዩ ጨርቅ፣ ጎማው፣ የሁሴን የተከፈተ አፍ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሸሸ። ሁሴን ኮፍያውን ከራሱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እናቴ ዛሬም ከምንጭ ነው የቀዳችው» አለ።

ኃላፊው ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩ። በመጨረሻ «የጥራት ችግር አለ» አሉ። ሁላችንም ስለ ቦኖው የሚናገሩ መስሎን ነበር። «ካሜራማኑን ጥሩልኝ» አሉ።

ወሬው ግን ከቢሮው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሰው ኃላፊውን ባየ ቁጥር የማንጎ ምርት እንዴት ነው እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። ሊመጣ ነው ሲባል የኖረው ፓምፕ በድንገት መንገዱን አገኘና መጣ፤ መስመሩም ተገናኘ። ሁለተኛ ምርቃት ተዘጋጀ። ካሜራው በአዲስ መመሪያ መሠረት ከሜዳው ማዶ ተተክሎ ሰዉ ሁሉ ጉንዳን አክሎ ተቀረጸ። የማንጎው ቅርንጫፎችም ለጥንቃቄ ተቆረጡ። የጥበቃው ሥራ ለሁሴን አልተሰጠም፤ የተቀጠረው ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ ብትገምቱ አትሳሳቱም። ሁሴንን አታሂር ወሰደው፤ «ማንጎ ላይ መውጣት ልምድ አለው» ብሎ በደህና ክፍያ ያሠራዋል።

እንግዲህ ባለ ኤችዲ ቴሌቪዥን ወጪውን ያዋጣል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እንደቆማችሁበት ቦታ ነው። ቧንቧው ፊት ለቆመ አያዋጣም፣ ወረፋ ለሚጠብቅ ያዋጣል። መዲና ደግሞ የራሷ መልስ አላት፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ድስት እያዘዋወረች ትሰጠኛለች።

በሁለተኛው ምርቃት ያው ጋዜጠኛ ማይኩን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ከሰው ኋላ ገባሁ። ኮቴንም ቤት ትቼው ነበር የሄድኩት። እሱም ወደ አማቴ ዞረ። አማቴ ብርጭቆውን ከቧንቧው ሞልተው ቀስ ብለው ጠጡ።

«እማማ፣ እንዴት አገኙት?» አላቸው።

«ዝገት ዝገት ይላል» አሉ። ብርጭቆውን ገልበጥ አድርገው አዩትና እንደገና ወደ ቧንቧው ዘረጉት። «ግን አልተሸከምኩትም።»