በፋሻ የዋለው አውራ ጣቴ

በምርጫ ቀን አገሩን እንደ ተቀጣሪ ሠራተኛ የሚወድ ሰው የለም። ዓመቱን ሙሉ ፖለቲካ ሲወራ የሚያዛጋው ሁሉ፣ አሠሪ ለሠራተኛው የመምረጫ ጊዜ ይስጥ የሚል ሕግ መኖሩን የሰማ ዕለት ጠበቃ ይሆናል። እኔም ሆንኩ።

የምሠራው እዚሁ መካነ ሰላም፣ የእትዬ ሰዓዳ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው። እትዬ ሰዓዳ ጅዳ ሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው የተመለሱ ሴት ናቸው፤ እዚያ ዕረፍት የሚባል ነገር አላዩምና እዚህም ለማንም ማሳየት አይፈልጉም። ምርጫው ሲደርስ መብቴን በትሕትና ጠየቅኳቸው።

«ሕግ ከሆነ እሺ» አሉ። «መርጠህ፣ ጣትህን ቀለም አስነክተህ ቶሎ ና። ከደሴ የሚመጣውን ሲሚንቶ የምታራግፈው አንተ ነህ። የዋሸኸኝ ቀን ግን ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ሰልፉ ቀኑን ይፈጅልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ምን ያደርጋል... በማለዳ ስደርስ ከፊቴ ያሉት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ! ገባሁ፣ መረጥኩ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ተቀባሁ፣ ወጣሁ። ፀሐይዋ እንኳ ገና አልሞቀችም። እስቲ ፍረዱኝ፤ እንዲህ ያለ ቀን ለሲሚንቶ ይሰጣል? ፋሻ ገዝቼ ቀለሙን ሸፈንኩና ከምርጫ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ከረንቡላ ቤት ገባሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጣቴን በር ጨፍልቆኝ ነው እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሰዓዳ ራሳቸው ሊመርጡ ሲመጡ በመስኮት አየኋቸው። ዓይናቸው ሰልፉን ያስሳል... እኔን ነው የሚፈልጉት! በጓሮ ዞሬ፣ አሁን በጣም ረዝሞ ከነበረው ሰልፍ ጭራ ላይ ተሰካሁ።

ገና አልደረሰህም ወይ ሲሉኝ ሰው በዛ አልኳቸው። ይሄኔ ፋሻውን አዩ። የበሩን ታሪክ ስነግራቸው ለሰው ራርተው የማያውቁት ሴትዮ ራሩ፤ ክንዴን ይዘው «በሽተኛ ነው፣ አሳልፉት» እያሉ ወደ ፊት ይወስዱኝ ጀመር። ሰልፈኛው አፊያ ያድርግህ እያለ መንገድ ይለቃል። ግድ የለም ተራዬን እጠብቃለሁ ብል፣ ጨዋነቱ ተብሎ ይባስ ተመረቅኩ።

በሩ ላይ ያለችው አስፈጻሚ ቀለም መኖር አለመኖሩን ማየት አለብኝ አለች። ቁስሉ ይመረቅዛል አልኳት፤ አልሰማችኝም። ፋሻው ሲፈታ ቁስል የለም፤ ቀለሙ ግን አለ። ታዛቢዎቹ ብድግ አሉ። ሁለቴ ሊመርጥ ነው ተባለና ፖሊሱ ያዘኝ።

ዝም ብል እስር ቤት፣ ብናገር ሥራ አጥነት። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ጠዋት መርጫለሁ፣ የተደበቅኩት ከሲሚንቶው ነው አልኩ። ማን ይመነኝ? ሁሉም ሳቀ። እትዬ ሰዓዳ ግን ጣቴን ትኩር ብለው አዩና ወደ ፖሊሱ ዞሩ።

«ልቀቀው ልጄ። ወላሂ እውነቱን ነው። ይሄ ይመር አንዱን ሥራ አንዴ በወጉ አይሠራ፣ ሁለቴ ሊመርጥ?»

ፖሊሱ ለቀቀኝ። እሳቸው መርጠው እስኪወጡ ጠበቅኳቸውና ስንብቴን እያሰብኩ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። መደብሩ ጋ ስንደርስ የሲሚንቶው መኪና ገና መግባቱ ነበር። እትዬ ሰዓዳ መኪናውንም እኔንም አዩና «ከማባርርህ በፊት ይሄን አራግፍ» አሉ። እስካሁን አላባረሩኝም፤ ሲሚንቶውም መምጣቱን አላቆመም።

የዚያን ዕለት ሾፌሩ ለምን እንደዘገየ ጠየቅኩት። መንገዱ ተበላሽቶ ነው አለ፣ መሪውን በመዳፉ ብቻ እንደያዘ። አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«በር ጨፍልቆኝ።»

«አፊያ ያድርግህ» ብዬ ከረጢቱን ተሸከምኩ።