በቅሎዋ ላይ የሚወጣው

(መካነ ሰላም፣ የትምህርት ቤት በር። የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ገና አሁን አልቋል። ሷሊህ የበቅሎ ልጓም ይዞ ቆሟል። ጓደኛው ምናለ አዲስ ነጭ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት ድንጋይ ላይ ወጥቷል። ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው የሷሊህ መንደር ለሰደቃ ሊሄዱ ነው፤ በቅሎዋ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። የፈተናውን የመጨረሻ ጥያቄ በትክክል የመለሰ ይጋልባል፣ የተሳሳተ በእግሩ ይሄዳል ብለው ተዋውለዋል። ውሉን ያመጣው ምናለ ነው። ምናለ ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው።)

ምናለ፦ ፈተናው ላይ ጆሮዬን ነካሁልህ እኮ፣ ያውም ሁለቴ። ጆሮ ከሆነ «መ» ነው አላልንም?

ሷሊህ፦ ቁንጫ የያዘህ መስሎኝ።

ምናለ፦ እና የትኛውን አጠቆርክ?

ሷሊህ፦ «ለ»ን። በራሴ ሠርቼ።

ምናለ፦ በራስህ? አይ አንተ፣ አለቀልህ። እስቲ ጥያቄውን በል።

ሷሊህ፦ አሥራ ስድስት ፓወር አንድ ሁለተኛ፣ ሲባዛ በሁለት ፓወር ነጌቲቭ ሦስት። አቃልሉ ነው የሚለው።

ምናለ፦ አቃልዬ ነው የላክሁልህ። የአሥራ ስድስት ግማሽ ስንት ነው?

ሷሊህ፦ ስምንት።

ምናለ፦ ሁለት በነጌቲቭ ሦስት ሲባዛስ?

ሷሊህ፦ ነጌቲቭ ስድስት።

ምናለ፦ ስምንት ጊዜ ነጌቲቭ ስድስት፣ ነጌቲቭ አርባ ስምንት። «መ» እሷ ናት። በል በቅሎዋን አስጠጋ። (አንድ እግሩን እርካብ ላይ ያደርጋል።)

ሷሊህ፦ ቆይ እስቲ። የቤታችን የሽንኩርት መደብ አራት ሜትር በአራት ሜትር ናት። ስፋቷ ስንት ይሆናል?

ምናለ፦ አሥራ ስድስት። ምን አገናኘው?

ሷሊህ፦ የአሥራ ስድስት ፓወር አንድ ሁለተኛ ማለት ጎኗ ነዋ፤ አራት። አንተ ስምንት ስትል የጎረቤታችንን የሸህ አህመዲንን ድንበር ገፋህ። እሳቸው ደግሞ ዱላ አላቸው።

ምናለ፦ (እግሩን ከእርካቡ እያወረደ) እሺ፣ ነጌቲቩንስ የት ታደርሰዋለህ?

ሷሊህ፦ እሱ ማካፈል ነው። ዛሬ እናቴ የሰደቃውን ዳቦ ለሁለት ትከፍለዋለች። ቁራሾቹን እንደገና ለሁለት፣ አሁንም ለሁለት። ለስንት ሰው ይደርሳል?

ምናለ፦ ለስምንት።

ሷሊህ፦ የአንዱ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው በለኛ። ቅድም ያገኘነው አራት ነው፤ የአራት ሰው ድርሻ ሲደመር ግማሽ ዳቦ። መልሱ አንድ ሁለተኛ ነው። በአንተ ነጌቲቭ ስድስት ግን ወላሂ፣ እንግዳው ስድስት ዳቦ ተሸክሞ ካልመጣ ከበር ይመለሳል።

(ምናለ በክፍሉ መስኮት አሻግሮ ያያል። መምህሩ መልሶቹን ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ነው፦ «ለ»፣ አንድ ሁለተኛ። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ ያያል። ያው ነው። ጫማውን ያያል።)

ምናለ፦ መምህሩ ቸኩለው ይሆናል።

ሷሊህ፦ ይሆናል። (በቅሎዋ ላይ ወጥቶ ይደላደላል፤ ልጓሙን ለምናለ ያቀብለዋል።) እኛ ግን አንቸኩልም። ቀስ ብለህ ሳባት።

ምናለ፦ (ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ጭቃው ውስጥ ይገባል።) መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሷሊህ፦ በእኔ ሒሳብ ሦስት ሰዓት። በአንተ ከሆነ ነጌቲቭ ነው፤ ገና ሳንነሳ ደርሰናል።