በበር ላይ ስለተቀረቀረው ቁም ሳጥን

የላይ ምንጭ ሰፈር የልጆች ንባብ ቤት አቋቋሚ ኮሚቴ እሑድ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 6፡20 ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር ከተማ፣ በወይዘሮ በለጠች ቤት ሳሎን ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ አካሂዷል። ስብሰባው አስቀድሞ የተጠራ አይደለም። ኮሚቴው በገዛ እጁ የሠራው የመጻሕፍት ቁም ሳጥን በቤቱ ብቸኛ በር ላይ ተቀርቅሮ አባላቱ መውጣት ስላልቻሉ የተደረገ ነው። በዚሁ ምክንያት የቀረም ያረፈደም አባል ባለመኖሩ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ሰብሳቢው አረጋግጠዋል። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ደምሴ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር
2. አቶ ሙስጠፋ፣ አባል፣ የምስማርና የብረታ ብረት ሱቅ ባለቤት
3. መምህር ዓለምነው፣ አባል፣ በዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህር
4. ፈንታነሽ፣ ጸሐፊ፣ ይህን የምጽፈው

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወይዘሮ በለጠች፣ የቤቱ ባለቤት

አጀንዳ 1፦ እዚህ እንዴት እንደተደረሰ

ጸሐፊዋ የታኅሣሡን ቃለ ጉባኤ አንብባለች። በዚያን ጊዜ ቁም ሳጥኑን በገሳይ መንገድ ላይ ሱቅ ላለው አናጢ ለነስሩ እንስጠው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አቶ ሙስጠፋ ብድግ ብለው “ንድፉ በየስልካችን ሞልቶ አናጢ መጥራት ምን ይሉታል?” በማለታቸው በራሳችን እጅ እንዲሠራ ተወሰነ። መምህር ዓለምነው ንድፉን ከኢንተርኔት አውርደው አተሙት። ንድፉ “ለጀማሪ፣ በሁለት ቀን የሚያልቅ” ይላል። ሰባት ሳምንት ፈጅቷል። የንባብ ቤቱ ክፍል ቀለም እየተቀባ ስለነበር ሥራው በወይዘሮ በለጠች ሳሎን ተካሂዷል። አንደኛው መዝጊያ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ላይ ይከፈታል። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ይህ ሁሉ በጊዜው ጸድቋል።

ለመቀርቀሩ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ውይይት ተደርጓል። መምህር ዓለምነው ቁም ሳጥኑን ለክተው 1 ሜትር ከ92 ማግኘታቸውን፣ አቶ ደምሴ ደግሞ በሩን ለክተው ድፍን ሁለት ሜትር ማግኘታቸውን ገልጸው ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ታምኖበታል። አራቱን እግሮች ግን የለካ የለም። እግሮቹ አሥር ሳንቲ ናቸው። አቶ ሙስጠፋ እግር የቁም ሳጥን አካል መሆኑን ሲያስገነዝቡ፣ ሰብሳቢው ይህ አስተያየት ስለምን ጠዋት እንዳልቀረበ ጠይቀዋል። አቶ ሙስጠፋም የጠየቃቸው እንዳልነበረ መልሰዋል። ትርፉ ሁለት ሳንቲ ናት ተብሎ አራታችንም ዘንበል አድርገን በትከሻ ገፋነው። ግማሹ ከወጣ በኋላ ራሱ ከጉበኑ ሥር፣ እግሩ ከመድረኩ ላይ ነክሶ ቀረ። ሁለት እግሮቹ ውጭ፣ ሁለቱ ውስጥ ናቸው። በጎኑ የቀረው ክፍተት እጅ ያሳልፋል፤ ሰው አያሳልፍም። ከውጭ ሆኖ የሚቀበል ሰው እንደሚያስፈልግ ያሰበ አልነበረም።

ወይዘሮ በለጠች በኪዳነ ምሕረት ቀን እንጨት አታንሱ ብለው ጠዋት መናገራቸውን አስታውሰዋል። ሰብሳቢው ማንሳት ሥራ አይባልም ሲሏቸው “እኔ ምን ቸገረኝ? እኔ ያለሁት ቤቴ ነው። የታሰራችሁት እናንተ!” ብለዋል። ያለ ድምፅ የተናገሩት ስለሆነ አልተወያየንበትም።

አጀንዳ 2፦ ስለ መውጣት

ሰብሳቢው ዕለቱ ቅበላ መሆኑን፣ ነገ ዐቢይ ጾም እንደሚገባ፣ በቤታቸው በማለዳ አንድ በግ ለቤተሰቡ፣ አንድ ደግሞ በሙስሊም አራጅ እጅ ለሙስሊም ጎረቤቶች መታረዱን ገልጸው ውይይቱ ይህንን ታሳቢ አድርጎ እንዲካሄድ አሳስበዋል። አቶ ሙስጠፋ በበኩላቸው በስምንት ሰዓት እንግዳ እንዳለባቸው ተናግረዋል። ምን ዓይነት እንግዳ እንደሆነ ተጠይቀው “እንግዳ ነዋ!” ብለዋል።

መምህር ዓለምነው ቁም ሳጥኑ ለሁለት እንዲጋዝ ሐሳብ አቀረቡ። መጋዙም መዶሻውም ቀድመው ወደ ንባብ ቤቱ ተልከዋል፤ በእጃችን የቀረው ሜትር ብቻ ነው። በመስኮት ስለመውጣት ተነስቶ የብረቱን ፍርግርግ ሰብሳቢው በራሳቸው ሞክረዋል። ጭንቅላታቸው ከጆሯቸው ወዲህ አላለፈም፤ ለመመለስም ጊዜ ወስዷል። ስልክ የተደወለላቸው ሰባት ሰዎች ሁሉም ግብዣ ላይ ስለነበሩ “መጣን” ብለው ቀርተዋል።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ከበሩ ጎን ያለው ግድግዳ እንዲፈርስ ሐሳብ አቅርበዋል። ወይዘሮ በለጠች ከዘራቸውን አንስተዋል። ሰብሳቢው ድምፅ እንደሌላቸው ሲያስታውሷቸው፣ እርሳቸውም ሰብሳቢው የተቀመጡበት ወንበር የማን እንደሆነ አስታውሰዋቸዋል። ከዚህ በኋላ ሰብሳቢው ስብሰባውን የመሩት ቆመው ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግድግዳው እንዲፈርስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ማፍረሻ ባለመኖሩ አፈጻጸሙ ለጊዜው ተላልፏል።

አጀንዳ 3፦ ሳይያዝ የገባ ጉዳይ

7፡50 ሲሆን ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አራት ሽማግሌዎች ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ሰላምታ አቅርበዋል። መሪያቸው ልብስ ሰፊው ሼህ ሙሐዲን ናቸው። ወደ አቶ ሙስጠፋ ቤት ሄደው ባለቤታቸው ሀዋ “እዚያ ተይዟል” ብላ እንደላከቻቸው አስረድተዋል። ሰላምታው የሰውም የከብትም ጤና ከተጠየቀ በኋላ አልቋል።

ሼህ ሙሐዲን የመጡበትን ተናገሩ፦ የአቶ ሙስጠፋን ልጅ ሐያትን ለነስሩ ለመጠየቅ ነው። ለአናጢው ነስሩ። ኮሚቴው አቶ ሙስጠፋ በታኅሣሥ አናጢ ያልፈለጉበትን ምክንያት የተረዳው በዚህች ሰዓት ነው። ሁሉም ዘወር ብሎ አያቸው። እርሳቸውም ቁም ሳጥን ሌላ፣ ዝምድና ሌላ መሆኑን ገልጸው፣ ቆይተው ግን እንዲህ ብለዋል፤ ቃላቸው እንዳለ ተመዝግቧል፦

“ልጄ መድኃኒት ቤት የምትሠራ የተማረች ናት። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ ለመላጊያ ልስጣት?”

ሼህ ሙሐዲን እንዲህ ሲሉ መልሰዋል፦ “እኔ በመርፌ እሰፋለሁ። አንተ ምስማር ትሸጣለህ። የሸጥኸውን ምስማር ማን የሚመታው ይመስልሃል?”

አቶ ሙስጠፋ ወንድሞቻቸው አንበሳሜ እንዳሉ፣ ሳያማክሩ መልስ መስጠት ነውር መሆኑን፣ ረመዳን ወጥቶ ቢመለሱ እንደሚሻል ተናግረዋል። ሽማግሌዎቹም በቅን ተቀብለው ለመሄድ ዞሩ። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው በፍርግርጉ እጃቸውን አውጥተው፣ ከመሄዳቸው በፊት ቁም ሳጥኑን እንዲገፉልን ለምነዋል። ሼህ ሙሐዲን የተላኩት ለቃል እንጂ ለሸክም አለመሆኑን አስረድተው “የዘመድ ዕቃ ቢሆን ግን እንገፋ ነበር” ብለዋል።

ሰብሳቢው ይህንን እንደ ውሳኔ ሐሳብ ወሰዱት። መምህር ዓለምነው ደገፉ። ሐያት ሙስጠፋ ለነስሩ እንድትዳር በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች። ርቧት ነበር፤ ይህ ምክንያት እንደማይሆን ታውቃለች።

አቶ ሙስጠፋ “ልጄን በቁም ሳጥን አልለውጥም” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

አጀንዳ 4፦ የሐያት ሙስጠፋ አቤቱታ

8፡20 ላይ ሐያት ራሷ መስኮቱ ጋ መጥታ ምን እንደተወሰነ ጠይቃለች። በደንቡ መሠረት ተነቦላታል። ካዳመጠች በኋላ ሰብሳቢውን እንዲህ አለቻቸው፦

“ጋሽ ደምሴ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔን መዳር በየትኛው አንቀጽ ነው የተፈቀደላችሁ?”

ሰብሳቢው መተዳደሪያ ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልክተዋል። አልተገኘም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። “ነስሩን የምፈልገው እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ግን አባየ በር ተዘግቶበት የሚሰጠው ቃል ቃል አይደለም። በዚህ ከያዛችሁት እንቢ የምል እኔ ነኝ።” ሼህ ሙሐዲን መሬት መሬት እያዩ “አጥፍተናል፣ ልጄ” ብለዋል። አቶ ሙስጠፋ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰዋል። ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገዋል፤ አቧራ ነው ብለዋል።

ሐያት ለነስሩ አስቀድማ ደውላ ኖሮ ወዲያው በባጃጅ ደረሰ። ሰብሳቢው ምን ቅድመ ሁኔታ እንዳለው ጠይቀውታል። “ለምኑ?” ብሎ ጎንበስ ብሎ የቁም ሳጥኑን እግሮች ማየት ጀመረ። ንድፉን ጠይቆ ሦስት ገጽ በክፍተቱ ተሰጠው። አራተኛውን ገጽ ሲጠይቅ፣ መምህር ዓለምነው የማተሚያው ቀለም በሦስተኛው ገጽ እንዳለቀ፣ አራተኛው ጌጥ ይሆናል ብለው እንደተዉት ገልጸዋል። ነስሩ በአራተኛው ገጽ ላይ ሊኖር የሚገባውን ነገረን፦ እግሮቹ ብሎን ናቸው፤ ሲዞሩ ያጥራሉ።

“ሁለቱ በእኔ በኩል ናቸው፣ ሁለቱ በእናንተ። በአንድ ወገን ብቻ ካጠረ ያዘነብልና ይብስበታል። እኩል ነው ማዞር ያለብን” አለና አንድ መፍቻ በክፍተቱ አቀበለ። ሰብሳቢው እጃቸውን ሲዘረጉ “አባባ ሙስጠፋ ይያዙት” አለ። “የብረት ነገር እሳቸው ያውቃሉ።”

አቶ ሙስጠፋ መፍቻ ሲሸጡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አዙረው ግን አያውቁም። ይህንን ቀስ ብለው ለራሳቸው ሲናገሩ ጸሐፊዋ ቅርብ ስለነበረች ሰምታለች። በደረታቸው ተኙ። ከዚህ በታች ያለው በቁም ሳጥኑ ሥር የተደረገ ንግግር ነው።

“ወዴት ነው የማዞረው?”

“ወደ እርስዎ፣ አባባ። አንድ ዙር ብቻ። እኔም አንድ።”

“ከበደኝ።”

“እኔም ከብዶኛል። እንተንፍስ።”

ተነፈሱ።

“አሁን ወደ ሁለተኛው እግር።”

“እሺ። አንተ ልጅ፣ ይህን ሥራ ብንሰጥህ በስንት ቀን ትጨርሰው ነበር?”

“በአራት ቀን።”

“የበሩን ቁመት ትጠይቀን ነበር?”

“መጀመሪያ እሱን ነበር የምጠይቀው።”

“ታዲያ እንዳልፈለግሁህ ስትሰማ ስለምን መጥተህ አልተናገርኸኝም?”

“ለእርስዎ ምን ብየ?”

ዙር መቁጠሩን ከዚህ በኋላ የያዙት አቶ ሙስጠፋ ናቸው፤ “አንድ፣ አዙር! ሁለት፣ አዙር!” እያሉ። በአሥራ አራተኛው ዙር ቁም ሳጥኑ ጉበኑን ለቆ ዝቅ አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይለመኑ ጥምጥማቸውን አጥብቀው ጎተቱት፤ እኛም ገፋን፤ ወጣ። ኮሚቴው ከኋላው ወጥቷል። ወይዘሮ በለጠች የመጨረሻው አባል እንደወጣ በሩን ከውስጥ ቀርቅረውታል።

አጀንዳ 5፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ስብሰባው በግቢው ውስጥ በቁም ቀጥሏል። አቶ ሙስጠፋ በአቧራ እንደተሸፈኑ ቀርበው፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ በእስር የተወሰነ ስለሆነ ይሻር ዘንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ያለ ምንም ውይይት፦

ሀ. የወይዘሮ በለጠችን ግድግዳ ስለማፍረስ የተላለፈው ውሳኔ ተሽሯል፤
ለ. ሐያትን ስለመዳር የተላለፈው ውሳኔ ተሽሯል፤ ኮሚቴውም ይቅርታ ጠይቋታል፤
ሐ. አናጢ አያስፈልግም የሚለው የታኅሣሥ ውሳኔ፣ በራሳቸው በአቶ ሙስጠፋ ጥያቄ፣ ተሽሯል፤
መ. ቁም ሳጥኑ ተጠናቋል የሚለው ውሳኔም ተሽሯል። ፈርሶ በነስሩ እጅ እንደገና ይሠራል።

ሼህ ሙሐዲን ይህንን ሰምተው “እንግዲያው እኛም ባዶ እጃችንን ነን ማለት ነው?” ሲሉ ጠይቀዋል።

“ባዶ እጃችሁን ናችሁ” አሉ አቶ ሙስጠፋ። “ኑ፣ ቤት እንሂድ። እንደ አዲስ ጠይቁኝ፤ በገዛ ቤቴ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ።”

ሐያት ከፊት፣ ሽማግሌዎቹና አቶ ሙስጠፋ ከኋላ ሆነው ሄደዋል። ነስሩ የሽምግልናው ወግ ስለማይፈቅድለት እዚያው ቀርቶ እግሮቹን መፍታት ጀምሯል።

ስብሰባው 9፡25 ላይ ተዘግቷል። ሰብሳቢው፣ መምህር ዓለምነውና ጸሐፊዋ ፈርመዋል። አቶ ሙስጠፋ በቦታው ስላልነበሩ አልፈረሙም። ፊርማው ሳይደርቅ ከአቶ ሙስጠፋ ግቢ እልልታ ተሰምቷል። ነስሩ ሦስተኛውን እግር ሲፈታ ነበር፤ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሰብሳቢው ጉዳዩ በኮሚቴው ሥልጣን ሥር እንዳልሆነ ገልጸው መፍቻውን አንስተው ከሰጡት በኋላ፣ እጁን ይዘው ቤታቸው ለሙስሊም ጎረቤቶች ወደታረደው በግ ወስደውታል።