ለዘነበች እግር የተፈለገ መንገድ

ሰው ያለ ጉዳይ ከቤቱ አይወጣም ብሎ በሚያምን አገር፣ ያለ ጉዳይ መንገድ መውጣት ምን ያህል እንደሚያደክም ያልሞከረው አያውቀውም። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና ወይም ፍርድ ቤት ካልሆነ በቀር፣ «ወዴት ነው?» ለሚላችሁ ሁሉ መልስ ያጥራችኋል። «እንዲሁ ልንሸራሸር ብለን» ብትሉት፣ ጠያቂው በትሕትና ራሱን ይነቀንቅና የደበቃችሁትን ጉዳይ ሲገምት ይውላል።

እኔ በደብረ ታቦር ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። ላርመው፤ ሠላሳ ሁለት ነው። የጉናን ወንዞች መነሻና መድረሻ ሳስጠና ኖሬ፣ ከቤቴ አጠገብ አንዲት ጸጥ ያለች የእግር መንገድ አላውቅም ነበር። የምትፈለግም አልመሰለኝም፤ ባለቤቴ ዘነበች በክረምት ከደጃፋችን ተንሸራትታ ጭኗ እስኪሰበር ድረስ።

አጥንቱ ገጠመ። ሐኪሙ ግን «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሳይቆሙ ይራመዱ፤ አለዚያ እግሩ እንደ ደረቀ ይቀራል» አላት። ሐኪሙ ለአገሩ እንግዳ ነው። ከበራችን እስከ ገበያው ባለው አውራ መንገድ ዘነበች ዐሥራ አራት ጊዜ ቆመች። ባጃጅ ሳይቀር ተሳፋሪ እንደ ጫነ ቆሞ «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ እማማ» አላት። የቆመ ሁሉ ደግሞ ዓይኑ ወደ ምርኩዟ ይወርዳል። ዘነበች በየሠርጉ ቤት በእስክስታዋ የታወቀች ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ «ሰው ሁሉ ከሚያዝንልኝ ደርቆ ይቅር» አለች።

ስለዚህ መንገድ ፍለጋ ወጣሁ። ወደ ገሳይ የሚወስደው አስፋልት የጭነት መኪና ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ የዘመድ አዝማድ ነው። በባሕር ዛፉ መካከል የሚወርደው ጸጥ ያለ ነበር፤ ነገር ግን ለፍየል እንጂ ለተሰበረ እግር አይሆንም። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ በገብስ ማሳ ዳር ለጥ ያለ መንገድ አገኘሁ፤ ሰው የሚባል የለበትም። ሦስት ቤቶች ነበሩበት። ቤቱን አይቶ ሰዉን አለመቁጠር የእኔ ስሕተት ነው።

ሦስት ቀን ተራመድን። ከመጀመሪያው ቤት ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር ስንደርስ እንመለሳለን፤ እሷ ምርኩዟን ይዛ፣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ፣ ድምፅ ሳናሰማ።

በአራተኛው ቀን የቤቱ ባለቤት ወይራው ሥር ቆሞ ጠበቀን። አያ ሞላ ይባላል። የክት ልብሱን ለብሷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎ ይታያል።

«ግቡ እንጂ፣ አባቴ» አለኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ ከደጄ እየደረሳችሁ ስትመለሱ ምን አስቀየምናቸው ብለን ተጨነቅን። ልጅቱን ልትጠይቁ እንደ መጣችሁ ገብቶናል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሚስቱን ይዞ አይመጣም፤ የከተማ ወግ ይሆናል አልን። ምን ያሳፍራል? ግቡና ተናገሩ።»

ከጓዳ አንዲት ቆንጆ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችንና ተመለሰች።

ያለን አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም አግብቶ ሁለት ወልዷል። «እንዲሁ ልንሸራሸር…» ብዬ ስጀምር ዘነበች ቀደመችኝ።

«ልጅህስ ሰው የሚመኛት ናት፣ ልጄ፤ እኛ ግን የምንድረው የለንም። የመጣነው በእኔ እግር ምክንያት ነው። ተሰብሮ ነበር። ሳነክስ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው እዚህ የምራመደው።»

ለጎረቤቶቿ ያልተናገረችውን ለማታውቀው ሰው ስትነግረው ሰማሁ።

«ወይ እኔ፣ ጠላውን አጥልዬ!» አለች የሞላ ሚስት ከውስጥ። «እንግዲህ ገብታችሁ ጠጡልኝ።»

ጠጣን። ስንነሣ የሞላ ሚስት ዘነበችን በክንዷ ይዛ ሸኘቻት፤ ነገር ግን ወደ ከተማው ሳይሆን ጎረቤቷን ልታስተዋውቃት ወደሚቀጥለው ቤት ነው። ያችም ተቀብላ ወደ ሦስተኛው ሸኘቻት። ሸኚ መሐል መንገድ ላይ ጥሎ አይመለስም፤ ወሬውም ስላላለቀ አይቆምም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ግማሽ ሰዓት የታዘዘላት ሴት ሰዓት ተኩል ትራመድ ጀመር፤ እኔ ጃንጥላዋን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ።

የሐኪም ትእዛዝ ለማክበር እንጂ ለሌላ ብዬ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ከኮረብታው ጀርባ ሌላ መንገድ አገኘሁላት። ከራሴ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም። በደስታ ነገርኋት።

«ሰው ጨርሶ የለበትም?» አለችኝ።

«አንድም።»

«እንግዲያው አንተ ሂድበት፣ መምህር። እኔን የሞላ ሚስት ትጠብቀኛለች» አለችና ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ምርኩዟ ከበሩ ጀርባ ቀረ።

ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልመጣችም። ስምንት ሰዓት ላይ እየሳቀች ገባች። አልከፋኝም።

ላርመው፤ ጥቂት ከፍቶኛል።