ለረድፉ ሁሉ አንድ መነጽር

ከስስታም ሰው የሚያድን ብልሃት አለ፤ በሩን ሲዘጋብህ አልፈህ መሄድ ነው። ከለጋስ ሰው የሚያድን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለጋስ ይከተልሃል። ያልጠየቅከውን ይሰጥሃል፣ ያላመመህን ያክምሃል፣ ስትሞትም ከፈን ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። እያንዳንዱ ከተማ እንዲህ ያለ አንድ መቅሰፍት ተመድቦለታል። በኬንያ በኩል ላለችው ሞያሌ የተመደበችላት ባለ ሆቴሏ፣ ባለ ስምንት አልጋዋ፣ ማንም ያልሾማት የዓይን ሚኒስትር፣ ክብርት እትዬ እታለማሁ ናት።

ከሆቴሏ ፊት ለፊት የሰው ዓይን እየለካ መነጽር የሚያዝዘው ኪሩ ነገሩ ቢያንገሸግሸው በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «የዓይን ጠላቶች ሦስት ናቸው። አቧራ፣ ፀሐይና ጎረቤት።» ጎረቤቷ ማን እንደሆነች ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እትዬ እታለማሁ መንገዱን ተሻግራ፣ መነጽሯን ሰክታ፣ ጮክ ብላ አነበበችና «እውነቱን ነው፤ ጎረቤት ክፉ ነው» ብላ ተመለሰች።

መነጽሯስ ምን ዓይነት መነጽር ነው? አንድ ክንዱ በሽቦ የታሰረ፣ የአገር ንብረት ነው። ጧት እሷ ዳዊቷን ትደግምበታለች። ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊው መሐዲ መርፌው ውስጥ ክር ያስገባበታል። ከቀትር በኋላ ባለ መድኃኒት ቤቱ ሳይቀር ይዋሰዋል። ከጎልቦ ግመል ሊሸጥ የመጣው ጅሎ አንድ ጊዜ አድርጎት ቢሄድ የሱቁ ረድፍ በሙሉ ሦስት ሳምንት ታወረ።

«ኧረ እያንዳንዳችሁ በልካችሁ ላሠራላችሁ!» ብሎ ኪሩ ቢጮህ፣ «ምን አለበት ኪሩዬ? ያው ዓይን ነው» አለችው።

ያው ዓይን ነው! መፈክሯ ይህች ናት። ዓይን የሚያቀላው በሽታ ከተማውን ሲነካካ፣ ይህችኑ መፈክር አንግባ፣ አንዲት የጠብታ ብልቃጥ ይዛ፣ የብልቃጧን አፍ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን እያስነካች ዞረች። በሽታው በራሱ እግር ሳምንት የሚፈጅበትን መንገድ በአንድ ከሰዓት አዳረሰችለት።

ይህ ሁሉ ቢያናድድም ያስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ኑርሀን ላይ ነው።

ኑርሀን የጨርቅ ነጋዴዋ የሀዎ ልጅ ናት። ኒካዋ ሊታሰር ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ እታለማሁ ስጦታ ይዛ ደረሰች፤ ብሌን ላይ የሚለጠፍ ግራጫ ኮንታክት ሌንስ። የእህቷ ልጅ ቤዚ ለሠርጓ አድርጋ የተወችው፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሙሽሮች የተዋሱት፣ በሻይ ብርጭቆ፣ በጄሪካን ውሃ ሲዋኝ የከረመ ሌንስ። «እንዲለምድሽ ስትተኚም አታውልቂው» የሚል ምክር ተመርቆበታል። በሦስተኛው ቀን የልጅቱ ቀኝ ዓይን ደም መሰለ። እትዬ ከመሳቢያዋ የማን እንደሆነ ከማይታወቅ ብልቃጥ አንጠባጠበችላት። በአምስተኛው ቀን ሀዎ ልጇን እየጎተተች ኪሩ ዘንድ ገባች።

ኪሩ ሌንሱን አውልቆ በመብራት አየ። ከብሌኗ አጠገብ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ተቀምጣለች። ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ጣቶቹን አነሳ።

«ስንት ነው?»

«ጣት ነው እንዴ ያነሳኸው?» አለች ኑርሀን።

ሀዎ ግድግዳውን ያዘች። በሩ ላይ የቆመችው እትዬ እታለማሁ አፏን ከመክፈቷ ኪሩ ዞረባት። ይህ ሰው ሲናደድ አንቱ ይላል።

«እርስዎ! ሌንስ እንደ ጥርስ ብሩሽ የአንድ ሰው ነው! ውሃ አይነካውም፤ የጄሪካንም የቧንቧም! ተኝተው አያድሩበትም! ዓይን ከቀላ በዚያችው ደቂቃ ይወልቃል! አራቱንም አፍርሰዋል፤ አምስተኛ ሕግ ባወጣሁ ኖሮ እሱንም ያፈርሱልኝ ነበር!»

«አንቱ አትበለኝ ኪሩዬ፣ ያስፈራኛል።»

«ይፍሩ! ዓይኗ ሊጠፋ ነው!»

ኪሩ አዘዘ፦ ዛሬውኑ ወደ ናይሮቢ መሳፈር አለባት። ጠብታው በየሰዓቱ፣ ዓይኗ ሳይሸፈን፣ ሌንሱም ከነብርጭቆው ለሐኪሙ ይታይ። ሀዎ ጡት የሚጠቡ መንታዎች አሏት። ባሱ ጥሩምባውን እየነፋ ነው።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለች እትዬ እታለማሁ።

«ምን ቀረዎት? ግራው ዓይን?»

ሌላ ሰው ግን አልነበረም። ኪሩ ያልተከፈተ የጠብታ ብልቃጥ እጇ ላይ አስቀምጦ ጣቶቿን በራሱ እጅ አጠፈላት። «ይህ የኑርሀን ብቻ ነው። ባስ ውስጥ ዓይኑ የቀላ ሰው ቢያዩስ?»

«አልሰጥም።»

«ይማሉ።»

«በማርያም!»

የቀረውን ያወራው የባሱ ረዳት ነው። ሰዓት በሞላ ቁጥር ሴትዮዋ ብድግ ትልና በስዋሂሊ «ሲማማ!» ብላ ባሱን ታስቆማለች፤ ጠብታው እንዳይንገጫገጭባት። እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ታንጠባጥባለች፣ ትቀመጣለች። ሹፌሩ ተሳደበ፤ መልሳ ሰደበችው። ማርሳቢትን ሲያልፉ ተሳፋሪው ራሱ ሰዓቱን እያየ ባንድ ድምፅ «ሲማማ!» ይል ጀመር። አንድ ሰው፣ ዓይኑ እንደ ቲማቲም የቀላ፣ ጠብታ ለምኗት ነበር። ሕይወቷን ሙሉ ለማንም ያላለችውን ቃል ለእሱ አለችው፦ «የለም።»

ኑርሀን ሆስፒታል ተኛች። ዓይኗ ይድን አይድን ሳይለይ፣ የልጅቱ አክስት ስትደርስ እትዬ ብቻዋን ተመለሰች። ሦስት ቀን ጠፍታ ሰነበተችና፣ ኪሩ ሆቴሏ ምሳ ሲበላ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ከረጢት ዘረገፈችበት። ሰባት ጥንድ ሌንስ፣ አሥራ አንድ የተከፈተ ብልቃጥ። ከሄሉ እስከ ኡራን በየመንደሩ በሞተር ብስክሌት ዞራ የሰበሰበችው።

ኪሩ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። «ይህን ሁሉ ያደሉት እርስዎ ነዎት!»

«ታዲያ የት የት እንዳለ ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል?»

ኪሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። የመታው ግን አውልቆ ያስቀመጠውን የገዛ መነጽሩን ነበር።

ስብርባሪውን ሲያይ ስልኩ ጮኸ። ከናይሮቢ፣ የሐኪሙ ወረቀት ፎቶ፤ የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ እንግሊዝኛ። ኪሩ ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው። ሱቁ ማዶ ነው፤ ተሻግሮ ሌላ መነጽር እስኪያመጣ ግን ማን ይታገሣል?

እትዬ እታለማሁ ባለ ሽቦውን መነጽር አውልቃ ዘረጋችለት። «ምን አለ...» ብላ ጀመረችና ዋጠችው።

ሰካው። ልክ ሆነለት፣ አፈር ያስበላውና።

«ቁስሉ ደርቋል» አለ ኪሩ። «ትንሽ ጠባሳ አለ። ከፊደል ሰሌዳው ላይ... ከታች ሁለተኛውን መስመር አንብባለች።»

«እና ታያለች?»

«ታያለች።»

እትዬ እታለማሁ አሥራ አንዱ ብልቃጥ መሃል ክርኗን ተክላ ፊቷን ሸፈነች። ኪሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። «መነጽርሽ ቆሽሿል፣ እትዬ» አላት ቀና ሳይል።

መሐዲ በአንድ እጁ መርፌ፣ በሌላው ክር ይዞ ብቅ አለ። «የታል መነጽሩ? ተራዬ ነው።»

«ቆይ!» ብሎ ኪሩ ጮኸበት። «ደግሜ ላንብበው።»