ጋሽ ውዱና የመርሳት መድኃኒት

ለማንኛውም በሽታ ቅጠል የሚያዝ ሰው የሌለበት ሰፈር በሀገራችን አልተቆረቆረም። አንዱ ቢያስነጥስ ጤና ጣቢያ ካርድ ሳያወጣ እሱ ዳማከሴ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ቆሰበር ከተማ ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ላለው ሰፈር ይህ ማዕረግ የጋሽ ውዱ ነው። ሠላሳ ዓመት የግብርና ጽሕፈት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ማዳበሪያና አካፋ ሲያስረክቡ ኖረው ጡረታ እንደወጡ ልጃቸው ስልክ ገዛላቸው። ከዚያ ወዲህ ሊቀ ዕፀዋት ሆኑ። ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው "ጥናት አለ" በሚል ነው። ጥናቱ የት እንዳለ የጠየቃቸው ሰው ግማሽ ቀኑን አጣ ማለት ነው።

አጥር የምትጋራቸው ሀይማኖት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሷ ጠዋት የሸጠችውን ክኒን እሳቸው ማታ በቅጠል ይሽሩታል።

አምና እናቷ ወይዘሮ ወርቅአየሁ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ወጡን ሁለቴ ጨው ጨመሩበት። ቆይተው ሀይማኖትን በሟች እህታቸው ስም ጠሯት። አንድ ቀን ደግሞ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው አስፋልት ላይ ብቻቸውን ሲሄዱ ተገኙ። ባሕር ዳር ወስዳ ስታስመረምራቸው ሐኪሙ አልዛይመር መሆኑን ነገራት፤ መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ እንደማይመልሰውም አልደበቃትም።

ጋሽ ውዱ ይህን በሰሙ ማግስት አረንጓዴ ጭማቂ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው መጡ።

"ጥናት አለ" አሉ። "ውጭ ሀገር ከዚህ ቅጠል ጨምቀው ለምትረሳ አይጥ ሰጧት፤ የጠፋትን መንገድ አገኘች። አይጧ መንገዷን ካገኘች እትዬ ወርቅአየሁን ምን ያግዳቸዋል?"

"ጋሼ፣ ጥናቱስ ሊኖር ይችላል" አለች ሀይማኖት። "ከተክል የወጣ የመርሳት መድኃኒትም አለ። ግን ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በሰው ተሞክሮ ነው። እማዬ የግፊት ክኒን ትወስዳለች። ይኼ ከክኒኑ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርጋት ያውቃሉ?"

"ቅጠል እኮ ነው፣ ልጄ።"

"መርዝም ቅጠል አለው። በሰው ሳይሞከር እናቴ አፍ አይገባም።"

ጋሽ ውዱ ጠርሙሳቸውን ይዘው ተመለሱ። አራት ቀን አልታዩም። ሀይማኖት ያስቀየመቻቸው መሰላት። በአምስተኛው ቀን፣ እናቷን ብቻቸውን መተው ስለማትችል እጃቸውን ይዛ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች።

ጋሽ ውዱ ተኝተዋል። ዓይናቸው ጎድጉዷል።

"በሰው ይሞከር አልሽ፤ ሞከርኩት" አሉና ደብተር ዘረጉላት።

"አንደኛ ቀን፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ። ትውስታ፦ እንደ ወትሮው። ሁለተኛ ቀን፣ ትውስታ፦ እንደ ወትሮው። ሆድ፦ አልተረጋጋም። ሦስተኛ ቀን፣ ሆድ፦ አይጻፍም።"

ሀይማኖት ደብተሩን ከድና አስቀመጠችው። ኦአርኤስ በጥብጣ አጠጣቻቸውና ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ባጃጅ ጠራች።

ባጃጁን ሲጠብቁ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ቅጠል አንዱን አንስተው አሹት፣ አሸተቱት። ጥርባ አካባቢ ተወልደው ያደጉ የገበሬ ልጅ ናቸው። የቅጠሉን ስም በአገውኛ ጠሩት።

"ይኼን ማን ጠጣው?" አሉ ቀጥለው በአማርኛ።

"እኔ" አሉ ጋሽ ውዱ ቀስ ብለው።

"ሆዱ ለተነፋ በሬ ነው የሚሰጠው። ያስቀምጣል።"

ስልኩ ያሳያቸው ቅጠል ሌላ ኖሯል፤ መልኩ ነው ያምታታቸው። ጋሽ ውዱ ስሙን ሁለቴ አስደግመው ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ድነው ከተነሡ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት አንድ ዘለላ ቅጠል ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ሊያጠጡ ሳይሆን ሊጠይቁ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ስሙን ይነግሯቸዋል፤ ለአጥር የሚሆነውን፣ ንብ የሚወደውን፣ የወተት ቅል የሚታጠብበትን ይለዩላቸዋል። አንዳንድ ቀን አንዱን ቅጠል በሦስት ስም ይጠሩታል። ጋሽ ውዱ ሦስቱንም ይጽፋሉ።

"ጋሼ፣ ይኼን እኮ ትናንትም አምጥተውት ነበር" አለቻቸው ሀይማኖት አንድ ቀን ወደ ጓዳ ጠርታ።

"አውቃለሁ። ሲነግሩኝ ደስ ብሏቸው ነበር።"

በሽታው ግን አልቆመም። ክረምቱ ሲገባ ወይዘሮ ወርቅአየሁ የልጃቸውን ስም መጥራት ተዉ። ሀይማኖት በየጠዋቱ ስሟን ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም እንደ እንግዳ በትሕትና ይሰሟታል።

በነሐሴ አንድ ቀን ጋሽ ውዱ ዘመድ ሊጠይቁ ዳንግላ ሄደው ዋሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ወንበራቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ቆዩ። ተነሥተው ወደ ውጭ አዩና ተመልሰው ተቀመጡ።

"ያ ሰውዬ ዛሬ ቀረ?" አሉ።

"የትኛው ሰውዬ?"

"ያ ቅጠል የማያውቀው።"

ሀይማኖት ወደ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ዳንግላ ደወለች።

"ጋሼ፣ ነገ እንዳይቀሩ" አለቻቸው። "እማዬ በር በሩን እያየች ነው።"