የረሺድ አህያ ክንፍ አወጣ

[ካርቱም፣ ሳጃና። ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ያለች የሠዓሊ ክፍል። ግድግዳው በእንስሳ ሥዕል ተሸፍኗል፤ ረክሻ የሚነዳ ፍየል፣ ጃንጥላ የያዘ አዞ፣ መነጽር ያደረገ ግመል። ሠዓሊው ጥዑመልሳን ብሩሽ ይዞ ቆሟል። በካላክላ ሰፈር በካሮ፣ ማለትም በአህያ ጋሪ፣ ውሃ እያዞረ የሚሸጠው ረሺድ አንድ ሥዕል ፊቱ ዘርግቷል። በሥዕሉ ላይ ክንፍ ያለው ሰማያዊ አህያ ይታያል።]

ረሺድ፦ ዓይኑን ለውጥልኝ።

ጥዑመልሳን፦ ዓይኑ ምን ሆነ?

ረሺድ፦ የአህያ ዓይን ነው።

ጥዑመልሳን፦ ታዲያ አህያ አይደል እንዴ!

ረሺድ፦ እሱማ ነው። ግን መታወቅ አልነበረበትም።

ጥዑመልሳን፦ ረሺድ፣ ወንድሜ፣ ባለፈው ቅዳሜ «አህያዬ ጠፋብኝ፤ ሣልልኝና ገበያ ልስቀለው» ብለህ የመጣኸው አንተ ነህ፣ ወይስ መንታ ወንድም አለህ?

ረሺድ፦ እኔው ነኝ ኡስታዝ። ወላሂ እኔው ነኝ።

ጥዑመልሳን፦ ሥዬ አልሰጠሁህም?

ረሺድ፦ ሰጠኸኝ።

ጥዑመልሳን፦ አልሰቀልከውም?

ረሺድ፦ በቀለም አባዝቼ ሰቀልኩት። ሥጋ ቤቱ በር ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ላይ፣ ሐፍላ አውቶቡስ የሚቆምበት ምሰሶ ላይ። አሁንም እዚያው ነው።

ጥዑመልሳን፦ ሰዉስ ምን አለ?

ረሺድ፦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደስ አለኝ። ትናንት ግን አንዲት ሐጃ ጠጋ ብለው አዩትና «ይሄን ዓይንስ የት ነበር የማውቀው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ።

ጥዑመልሳን፦ [ብሩሹን አስቀምጦ] ቆይ። ያዘንከው ስለታወቀ ነው?

ረሺድ፦ አዎ።

ጥዑመልሳን፦ አህያ ስለመሰለ?

ረሺድ፦ ዓይኑ ብቻ። ሌላው ሁሉ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አይመስልም።

ጥዑመልሳን፦ [እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ] ስድስት ዓመት! ካርቱም ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጬ በመጨረሻ ለአንድ ሰው ገባው!

ረሺድ፦ ለማን?

ጥዑመልሳን፦ ላንተ!

ረሺድ፦ ለኔ? ምኑ?

ጥዑመልሳን፦ ምናብ! ሰዉ ሁሉ ምን ይለኛል መሰለህ? «ፍየል ከሆነ ፍየል አስመስለው።» የቤቱ ባለቤት ሙስዐብ ይሄንን ፍየል አይቶ «ጭንቅላቱ በየት በኩል ነው?» አለኝ። አንተ ግን አየህ፤ እንስሳው ከመልኩ ነጻ መውጣት እንዳለበት ገባህ።

ረሺድ፦ ነጻ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ ይገኝልኝ።

ጥዑመልሳን፦ ሁለቱ አንድ ነው።

ረሺድ፦ [ግድግዳውን እየቃኘ] ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ጃንጥላ የያዘ አዞ የማን ነው?

ጥዑመልሳን፦ የኔ።

ረሺድ፦ መቼ ነው የጠፋብህ?

ጥዑመልሳን፦ አልጠፋብኝም!

ረሺድ፦ ካልጠፋ ለምን ሣልከው?

ጥዑመልሳን፦ ከጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያወጣሁት።

ረሺድ፦ ሱብሃነላህ። እዚያ ውስጥ ሌላም አለ?

ጥዑመልሳን፦ ሞልቷል!

ረሺድ፦ ታዲያ መኖ እንዴት ትችላለህ?

ጥዑመልሳን፦ [ትዕግሥት አድርጎ] ተወው፤ ቀስ በቀስ ይገባሃል። ወደ አህያህ እንመለስ። መብሩክ ነው ስሙ? ግራ ጆሮው ጫፉ ተቆርጧል ብለኸኝ ነበር። እሱን ባስገባው...

ረሺድ፦ እንዳትነካ! ጆሮው ሙሉ ይሁን። ከቻልክማ የጥንቸል አድርገው።

ጥዑመልሳን፦ [ክንዱን እያሳየ] እየው፤ ጠጉሬ ቆመ። እኔ እዚህ ለመድረስ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። አንተ ካሮ እየነዳህ ደረስክበት። ቀለሙስ? እውነተኛው ቡላ ነው ብለሃል።

ረሺድ፦ ሰማያዊው ጥሩ ነው። ጭራው ላይ ግን የዓሣ ነገር ጀምረህ ትተኸዋል። ጨርሰው።

ጥዑመልሳን፦ ፈርቼ ነው የተውኩት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ።

ረሺድ፦ አትፍራ። እኔ አለሁ።

ጥዑመልሳን፦ [ተነክቶ] እንዲህ ያለኝ ሰው የለም ረሺድ። እናቴም አላለችኝ። [ብሩሹን አንሥቶ የአህያውን ዓይን ወደ ድመት ዓይን ይለውጣል] እንዲህ?

ረሺድ፦ ትንሽ አጥብበው። አዎ። አሁን እንኳን ሐጃዋ፣ እኔም አላውቀው።

ጥዑመልሳን፦ [ቀና ብሎ] ነገር ግን ሕሊናዬ አላስችል አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ በዚህ ሥዕል አህያህ አይገኝም። ጥበብ ነፍስን ይመልሳል እንጂ አህያ አይመልስም።

ረሺድ፦ ካልተገኘማ አለቀልኝ። ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ከኔ ውሃ የሚጠብቅ አርባ ቤት አለ። ከትናንት ወዲያ ካሮውን ራሴ ልጎትት ሞክሬ ሦስተኛው ቤት ስደርስ ሴትዮዋ «መብሩክ እንኳ እንዲህ አያለከልክም ነበር» አለችኝ። አርባዎቹ ቤቶች ነገ ሌላ ሰው ከያዙ፣ እኔና ሚስቴ ሉጥፊያ ካላክላ ምን እንሠራለን?

ጥዑመልሳን፦ እና ይህን እያወቅህ ጆሮውን ሙሉ አድርገው ትላለህ?

ረሺድ፦ እላለሁ።

ጥዑመልሳን፦ [በአድናቆት] ከአህያህ ይልቅ ጥበብን መረጥክ ማለት ነው።

ረሺድ፦ ኧረ አህያዬን እፈልጋለሁ!

ጥዑመልሳን፦ ገባኝ፤ በምሳሌነቱ።

ረሺድ፦ በገመዱ ነው የምፈልገው ኡስታዝ፤ በገመዱ!

[የረሺድ ስልክ ይጮሃል።]

ረሺድ፦ ሉጥፊያ? አቤት... የት? ውሃ መቅጃው ላይ?... እርግጠኛ ነሽ? ጆሮውን አየሽው?... ሰውየው ምን አለ? ክንፍ የለውም አለ?... [ሳቁን እየዋጠ] በይ የግቢውን በር ዝጊ፤ መጣሁ። ያላ፣ መጣሁ!

[ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በመዳፉ ይጠርጋል።]

ጥዑመልሳን፦ ተገኘ?

ረሺድ፦ ተገኘ!

ጥዑመልሳን፦ በኔ ሥዕል?

ረሺድ፦ ባንተ ሥዕል።

ጥዑመልሳን፦ [ዘሎ ያቅፈዋል] አላልኩህም! ሰው ላይ ላዩን ይስቃል እንጂ ውስጡ ያውቃል! ክንፉን አልፈው መብሩክን አዩት!

ረሺድ፦ ማንም አላየውም። ሥዕሉን ያየው የሰረቀው ሰው ነው። ሳምንት ሙሉ ቤቱ ዘግቶበት ነበር። «የሚፈለገው ሰማያዊ ነው፤ ክንፍም አለው። ይሄኛው ምን አገባው?» ብሎ ልቡ አረፈና ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሊጭንበት ይዞት መጣ። ሉጥፊያ ደግሞ ወረቀቱን ከሰቀልንበት ቀን ጀምሮ መቅጃው ጥግ ጃሪካን ላይ ተቀምጣ ነበር።

ጥዑመልሳን፦ እና... እሺ ብሎ መለሰ?

ረሺድ፦ የት! ሰፈሩን ሰብስቦ፣ ምሰሶው ላይ ያለውን ወረቀት እየጠቆመ «እስቲ ክንፉ የታለ?» እያለ ሲከራከር ነበር። ሉጥፊያ ከእጁ ነጥቃ ገመዱን ለቀቀችው። መብሩክ ግራ ቀኝ ሳይል መንገዱን ይዞ ቀጥ ብሎ እኛ ግቢ ገባ። ሰዉ ከኋላው፤ ሌባውም ደንግጦ ከሰዉ ኋላ።

ጥዑመልሳን፦ [ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ] ታዲያ ዓይኑን ለውጥ፣ ጭራውን ጨርስ ያልከኝ...

ረሺድ፦ ሌባው እንዳይነቃብን።

ጥዑመልሳን፦ እኔ ደግሞ ጥበብ ገባው ብዬ...

ረሺድ፦ ገባኝ እንጂ። ካልገባኝ እንዴት አህያ አገኝበታለሁ?

ጥዑመልሳን፦ ይሁን። ግን እዚያው ካላክላ ሠዓሊ እያለ፣ እኔን ፍለጋ ሳጃና ድረስ ለምን መጣህ?

ረሺድ፦ መጀመሪያማ እዚያው ገበያ ውስጥ ያለውን ሠዓሊ ብርሃንን ነበር የጠየቅሁት። ቁጭ ብሎ መብሩክን ሣለው፤ ያውም ቁርጥ ራሱን፣ ሊያናፋ ምንም አልቀረው። «ይሄንን ከሰቀልኩማ ሌባው ደንግጦ ከከተማ ያወጣብኛል። የማይመስል አድርገህ ሣልልኝ» አልኩት። ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቴም መሰለበት። «ይሄስ ከኔ አቅም በላይ ነው» አለ።

ጥዑመልሳን፦ [ፊቱ ፈካ ብሎ] ብርሃን? ከኔ አቅም በላይ ነው አለ?

ረሺድ፦ በራሱ አፍ። «የወለደችው እናቱ እንኳ እንዳታውቀው ከፈለግህ ሳጃና ሂድና ጥዑመልሳንን ጠይቅ» አለኝ። «እሱ እንዲመስል እየለፋም አይመስልለትም።»